የድሬ ጠያራ ገበሬ የጎደለው ግንዛቤ ሳይሆን መድኃኒት ነው

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የእድሳት ወቅት በመጣ ቁጥር የሚሰማው ሪፖርት አንድ ነው። የሚጠበቀው ያህል አባል አላደሰም፤ ምክንያቱ «የግንዛቤ እጥረት» ነው፤ መፍትሔው ደግሞ «የንቅናቄ መድረክ»። ባነር ይሰቀላል፣ የታሸገ ውሃ ይታደላል፣ አበል ይከፈላል፣ ይበተናል። ለከርሞም ያው ነው።

«ግንዛቤ የለውም» የሚለው ቃል ግን ሐረር ዙሪያ ሲነገር ያስቃል። ሐረሪው አፎቻ፣ የገጠሩ ኦሮሞ አፎሻ የሚለው ማኅበር ምን መሰላችሁ? ሰው ደህና ሳለ ያዋጣል፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ማኅበሩ ይደርስለታል። መድን ማለት ይኸው ነው። ድሬ ጠያራ ያለ ገበሬ ይህን ከስላይድ ላይ አላነበበውም፤ ከአባት ከአያቱ ጋር ሲኖርበት ያደገ ነገር ነው። አፎሻ ሐዘን ቤት መጥቶ «ዛሬ ምንም የለንም፣ ከውጭ ግዙ» አይልም። የጤና መድን ካርድ የያዘ ሰው ግን በመላ አገሪቱ በየጤና ጣቢያው ይህን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ኖሯል።

ሥርዓቱ ራሱ መጥፎ አይደለም። በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ሲሞከር የተነሳበት ሐሳብ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። አባወራው በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ ቤተሰቡ በሙሉ ይታከማል። መጀመሪያ የአካባቢው ጤና ጣቢያ፣ ከአቅሙ በላይ ከሆነ በሪፈር ወረቀት ወደ ጁገል ወይም ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል። ለአንድ ቀዶ ሕክምና በሬውን ሊሸጥ የነበረ ሰው በሬውን ይዞ የቀረበት ጊዜ አለ። ይህን የሚክድ ሰው ፍትሐዊ አይደለም።

ጠቡ ያለው መድኃኒቱ ላይ ነው። እናቱ የደም ግፊት ያለባቸው አንድ ገበሬ እንበል። ካርድ ማውጫው በነፃ ነው፣ ምርመራው በነፃ ነው። ከዚያ ማዘዣው ይሰጠውና «እኛ ጋ አልቋል» ይባላል። ከተማ ያለው የግል መድኃኒት ቤት የመድን ካርድ አያውቅም፤ የሚያውቀው ብር ነው። የግፊትና የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ በየወሩ ኪሱን የሚያራቁተው የካርድ ማውጫ ክፍያ ሳይሆን መድኃኒቱ ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ሁለቴ ከፈለ፤ አንዴ ለመድኑ፣ አንዴ ለመድኃኒት ቤቱ። በዓመቱ መጨረሻ ቁጭ ብሎ ደምሮ ቀንሶ «አላድስም» ቢል ሒሳብ የማያውቀው እሱ ነው ወይስ «ግንዛቤ የለውም» ብሎ ሪፖርት የጻፈው?

የመድን ሰዎች የሚያነሱት መከራከሪያ አላቸው፤ ሲታመም ብቻ የሚመዘገብ ከበዛ ፈንዱ ይከስራል፣ ጤነኛውም መቆየት አለበት ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ጤነኛው በምን ይቆይ? የሚያየው ጎረቤቱን ነው። ጎረቤቱ ካርድ ይዞ ሄዶ ባዶ እጁን ሲመለስ ካየ፣ ከወረዳ የመጣ ማንም ተናጋሪ አያሳምነውም። አዙሪቱ ደግሞ እዚሁ ይጀምራል። ፈንዱ ለጤና ጣቢያው የሕክምናውን ወጪ ካዘገየበት ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያጣል፤ መደርደሪያው ይራቆታል፤ አባሉ ይሸሻል፤ አባል ሲሸሽ ፈንዱ ይብስ ይሳሳል። ይህን በስብሰባ የሚፈታ ካለ ይሞክር።

የሚያንገበግበው ሌላ ነገር አለ። ለደመወዝተኛው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጥቶለት ነበር። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ ሊቆረጥበት መሆኑን ሲሰማ በተለይ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች «ምን አገልግሎት ልናገኝ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ አጉረመረሙ። ተግባራዊነቱ ተራዘመ፣ ዳግም ተራዘመ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ወረቀት ላይ ቀረ። ልብ በሉ፣ መምህሩና ነርሱ ሲያጉረመርሙ ተግባራዊነቱ ነው የተራዘመው። ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው ምክንያት፣ ማሽላና ጫት የሚያመርት ሰው ሲያነሳው ግን ያልነቃ ይሆናል። የተማረው ሲያመነታ ጥያቄ፣ ገበሬው ሲያመነታ ድንቁርና!

እጅግ ለደኸየው መንግሥት መዋጮውን ይሸፍንለታል፤ ጥሩ ነው። ከዚያ መስመር በትንሹ ከፍ ያለው ግን ሙሉውን ከኪሱ ያወጣል፤ መድኃኒት ሲጠፋ ሁለቴ ከፋይ የሚሆነውም እሱው ነው።

ስለዚህ የሐረሪ ክልል ጤና ቢሮና የመድኑ ኃላፊዎች ከሚቀጥለው ንቅናቄ በፊት የሚሠሩት ሥራ አላቸው። በየጤና ጣቢያው በር ላይ በዚህ ወር የትኛው መድኃኒት እንደጠፋ፣ ለስንት ቀን እንደጠፋ ይለጠፍ። ጤና ጣቢያው ያጣውን መድኃኒት አባሉ በካርዱ የሚወስድበት መድኃኒት ቤት ከተማ ውስጥ በውል ይያዝ፤ እንደ አዲስ አበባዎቹ ከነማ ያለ የሕዝብ መድኃኒት ቤት ቢሆን መልካም፣ ካልሆነ የግልም ይሁን። እሱም እስኪሆን ደረሰኝ ያመጣ አባል ገንዘቡ እዚያው ወረዳው ላይ ይመለስለት፤ ለመቶ ብር ሦስት ቀን በባጃጅ ሳይመላለስ።