ምክርንም እንደ እህል ዘግኖ ማየት ይገባል

ይፋግ የቆየች የገበያ ከተማ ናት። በገበያዋ እህል ገዥ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ ሳያይ፣ በጥርሱም ሳይሞክር ዋጋ አይቆርጥም። በስልካችን የምናነበውን የግብርና ምክር ግን ብዙዎቻችን ሳንዘግን እንቀበላለን።

በቅርቡ አንድ ወጣት አርሶ አደር ስለ ሩዝ አመራረት በስልኩ ያገኘውን ጽሑፍ አሳየኝ። ጽሑፉ ረጅም ነው፤ አማርኛውም ግድፈት የለበትም። ነገር ግን መሬት የሚለካው በኤከር ነው። የማሳውን ውኃ በተፈለገ ቀን ማስገባት፣ በተፈለገ ቀን ማፍሰስ እንደሚቻል አድርጎ ይመክራል። በፎገራ ሜዳ መሬት የሚለካው በሄክታር ወይም በጥማድ ነው፤ ሩዙም በአብዛኛው የክረምት ዝናብ ጠባቂ ነው፤ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ማንንም አያስፈቅዱም። ጽሑፉ የጸሐፊ ስም፣ ቀንና የዝርያ ስም የለውም።

እንዲህ ያሉ ጽሑፎች በኮምፒውተር በጅምላ የሚመረቱ፣ አንባቢ ሰብስበው የማስታወቂያ ገንዘብ የሚለቅሙ ናቸው። ጎግል በ2016 ዓ.ም እነዚህን ከፍለጋ ውጤቱ የሚያስወግድ ደንብ አውጥቷል። ይሁን እንጂ የጎግል ማጣሪያ የፎገራን ማሳ አያውቅም። ማጣራቱ የእኛ ሥራ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ማን ጻፈው? መቼ? ለየትኛው ዝርያና አካባቢ? በጽሑፉ ውስጥ «ሩዝ» የሚለውን አውጥተን «ስንዴ» ብንተካበት ትርጉሙ ካልተለወጠ ገለባ ነው።

ከሩቅ የመጣ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ሩዝ ራሱ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የመጣ እንግዳ ሰብል ነው። የለመደው ግን ጅግናና ሻጋ ላይ በማሳ ተሞክሮ ነው። በስልክ የመጣ ምክርም እንዲሁ መሞከር አለበት። ያለጊዜው የተበተነ ማዳበሪያን ጎርፍ ይወስደዋል፤ ያለፈ ክረምትም አይመለስም።

ጥፋቱ የአርሶ አደሩ ብቻ አይደለም። የግብርና ጽሕፈት ቤት ዝም ባለበት ሁሉ ስልኩ ይናገራል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ወረታ ላይ አለ። በአማርኛ የሚመልሰው የ8028 ነፃ የስልክ መስመርም ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ አለ። ወረዳዎች ከመዝሪያው ወቅት በፊት የባለሙያ ስም፣ ቀንና የዝርያ ስም ያለበት አጭር ምክር ለየቀበሌው ቢያደርሱ አርሶ አደሩ ገለባውን ከፍሬው የሚለይበት ሚዛን ያገኛል።