የደጅ መብራትና የጋራ አጥራችን



ባለፈው ስብሰባ ስለ ደጅ መብራት ጉዳይ ሲነሳ ሰዉ በሁለት ተከፍሎ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። አንዱ ወገን «ደጁን የማያበራ ሁሉ ይቀጣ» አለ። ሌላው ደግሞ «በገዛ አጥሬ፣ በገዛ ቆጣሪዬ ማኅበሩ ምን አገባው?» አለ። እኔ ቃለ ጉባኤ እይዝ ስለነበረ አፌን አልከፈትኩም፤ ጸሐፊ ሲናገር ቃለ ጉባኤው ይጎድላል። ያኔ የዋጥኩትን ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ ላውጣው።

የደጅ መብራት ጥቅሙን የሚክድ የለም። ለሱብሂ ሶላት የሚወጣው፣ ለማኅሌት የሚነሳው፣ ጫት ጭኖ በሌሊት የሚመለሰው ሁሉ እግሩ የሚረግጠውን ያያል፤ ጅቡንም ከሩቅ ያየዋል። እኔን ያልተዋጠልኝ «በገዛ አጥሬ» የሚለው አነጋገር ነው። የበደሳ የቆርቆሮ አጥር እኮ የማንም የብቻው አይደለም። የኔ ቆርቆሮ የጎረቤቴን ነክቶ፣ የሱ ደግሞ የሚቀጥለውን ነክቶ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ አንድ ብረት ነው።

ሩቅ ሳልሄድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ባለፈው ዓመት ክረምት ሲገባ እኔው ራሴ ከበሬ በላይ ፓውዛ ሰቀልኩ። ለሠራተኛ ብር ላለማውጣት ብዬ ከሳሎን ሶኬት ላይ ለቤት ውስጥ የሚሆን ቀጭን ገመድ ቀጠልኩ፤ መጋጠሚያውን በናስትሮ ጠቀለልኩና በቆርቆሮው አናት ላይ አሳለፍኩት። ሦስት ሳምንት ያህል አማረብኝ። ታድያ ነፋሱ ገመዱን ከቆርቆሮው ጠርዝ ጋር ሲያፋጨው ሲያፋጨው ላስቲኩን በላው። ዝናብ በጣለ ማግሥት የጎረቤቴ ልጅ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። የማስጫው ሽቦ አንደኛው ጫፉ የታሰረው በጋራ አጥራችን ላይ ነው። ጩኸቷን ከቤት ሆኜ ሰማሁት። የላስቲክ ጫማ አድርጋ ስለነበረ ይሁን በምን ይሁን አላህ አወጣት፤ ክንዷ ግን እስከ ማታ እንደደነዘዘ ዋለ። እናትየዋ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ሙያተኛ ጠርቼ «ብሬከሩ ለምን አልወደቀም?» ብዬ የጠየቅሁት። ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ያለው ተራው ብሬከር የተሠራው ገመዱ ከመጠን በላይ ጭነት ሲመጣበት እንዳይቃጠል ነው፤ 10 ወይም 16 አምፔር ካላለፈ አይነቃም። ሰውን ለመግደል ግን የአንድ አምፔር አሥረኛ እጅ እንኳ በዛ። ስለዚህ ሰው ሽቦ ላይ ተጣብቆ ሲንቀጠቀጥ ብሬከሩ ምንም እንዳልሆነ ዝም ይላል። ሌላ ዓይነት ብሬከር አለ፤ ኤሌትሪኩ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ መሬት ሲፈስ ለይቶ የሚቆርጥ። 30 ሚሊ አምፔር የሚለው ቁጥር የተጻፈበትን ነው መግዛት። ይኸኛው በዓይን ጥቅሻ ይቆርጣል። ላዩ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ ስላለው በየወሩ አንዴ መጫን ነው፤ ካልቆረጠ ተበላሽቷል ማለት ነው።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይኽ ነው። ማኅበሩ ማንንም «አብራ» ብሎ አያስገድድ፤ የሚያበራውን ግን እንዴት እንደሚያበራ ይጠይቅ። የደጅ መስመር ከሶኬት አይቀጠል፤ ለብቻው ከብሬከር ሳጥኑ ይነሳ፣ የሚያፈሰውን የሚቆርጠው ብሬከርም ይኑረው። ገመዱ ቆርቆሮ አይንካ። በላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ በመሬት ከሄደ ደግሞ ዶማ እንዳያገኘው ከግማሽ ሜትር በላይ ይቀበር። መንገድ የሚያቋርጥ ከሆነ የተጫነ አይሱዙ ከሥሩ ቢያልፍ የማይነካው ይሁን። አምፖሉም ዝናብ የማያስገባ፣ አይፒ 65 የሚል የተጻፈበት ቢሆን ይመረጣል። የብረት አካል ያለው ፓውዛ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ ሊታሰርለት ይገባል፤ ብዙ ሰው ያንን አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ትርፍ መስሎት ቆርጦ ይጥለዋል።

ሥራውንም የተፈቀደለት ሰው ይሥራው። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኤሌትሪክ ሥራ የሚሠራ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ያዛል። እስከ ቆጣሪው ያለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ዛሬም ብዙዎቻችን መብራት ኃይል የምንለው ማለቴ ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ላለው ግን ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። ከጎረቤት ቆጣሪ ሽቦ እየጎተቱ ማብራትም ይቅር፤ አደጋ ሲደርስ ተጠያቂው ማን እንደሆነ እንኳ አይለይም።

«ወጪው ይበዛል» ለምትሉ፣ ባለ 100 ዋት አሮጌ አምፖል 12 ሰዓት ሲያድር በወር 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ታሪፉ ደግሞ በደረጃ የሚጨምር ነው፤ የመጀመሪያው ርካሽ ደረጃ የሚያልቀው 50 ላይ ነው። ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ ብታደርጉ 3.6 ብቻ ነው። ልዩነቱ ቀስ በቀስ የብሬከሩን ዋጋ ያወጣል። አቅሙ ለማይፈቅድለት በፀሐይ የሚሠራው ትንሹ መብራት ይበቃል፤ ጉልበቱ አነስተኛ ስለሆነ ሰው አይዝም፣ ሠራተኛም አይፈልግም። እግረ መንገዴን፣ ፓውዛውን ወደ ጎረቤት መኝታ ቤት ያዞራችሁ ወደ መሬት አድርጉት፤ እንቅልፍ ያጡ ሰዎች እኔ ቤት እየመጡ ነው የሚከሱት።

በቅጣቱ ግን አልስማማም። ከልጅ ልጆቿ ጋር ለብቻዋ የምትኖር አሮጊት ደጇን ስላላበራች ብር ክፈይ ትባል? ይልቅ ዕድሩም አፎሻውም ለቀብር ያዋጣውን ያህል፣ ከማኅበራችን ሣጥን ለአቅመ ደካሞች ብሬከር ቢገዛ እላለሁ። በሚመጣው ስብሰባ አጀንዳ አድርጌ አቀርበዋለሁ። የሚቃወም ካለ ሐሳቡን ጽፎ ያምጣ፣ ከዚሁ ጎን እለጥፈዋለሁ።

የኔን መስመር ሙያተኛው እንደገና ሠርቶታል፤ ማየት የምትፈልጉ ማታ ማታ ብቅ በሉ። የልብስ ማስጫውን ሽቦም በሲባጎ ገመድ ለውጠነዋል። ልጅቱ ግን አሁንም ቆርቆሮውን ሳትነካ ነው የምታሰጣው።

የማኅበሩ ጸሐፊ