የቆሮሶን አንጀት ለመረመሩልን

ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር ጌታቸው ተፈራ
ከሐዋሳ

በአካል አላውቅዎትም፤ ደብዳቤዬ ባሉበት ይድረስዎ። ከሐዋሳ ከተማ ወጣ ብሎ ባስቆፈርኩት ኩሬ ቆሮሶ የተባለውን ዓሳ የማረባ ሰው ነኝ። ምስጋናዬ ዘግይቷል፤ ስለዘገየሁም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ያደግሁት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲደርሱ ዓሳ የሚበልቱት ልጆች የቆሮሶውን ሆድ ሰንጥቀው አንጀቱን ለአባ ኮዳ አሞራ ይወረውሩለታል። ቀጭን ነው፤ እንደ ክር የተጠቀለለ፤ ሲዘረጋ ከዓሳው ቁመት ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ጫን ሲሉት አረንጓዴ ጭቃ የመሰለ ነገር ይወጣዋል። እኛ ቆሻሻ ብለን እናልፈው ነበር። እርስዎ ግን ያንን አንጀት ከላይ እስከ ታች መረመሩት።

እ.ኤ.አ. በ1987 የሐዋሳና የዝዋይ ሐይቆችን ቆሮሶ ምግብ ጥራት፣ በ1988 ምግቡ በአንጀቱ ውስጥ እያለፈ እንዴት እንደሚፈጭ ጻፉ። በ1989 ደግሞ ዓሳው በቀን ውስጥ መቼና ምን ያህል እንደሚበላ፣ የጨጓራውም አሲድ ምን ያህል እንደሚበረታ ለክተው አሳተሙ። በዚያው ዓመት ከካናዳው የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፈርናንዶ ጋር ሆነው የሐዋሳ ቆሮሶ ዕፅ በል መሆኑን አስረዱ። በ1993 ወደ ጫሞ ሐይቅ ተሻገሩ። አንድን ጥያቄ ይዞ ይህን ያህል ዓመት መቆየት ቀላል ነገር አይደለም።

ከእርስዎ በፊት ሞሪያርቲ የተባለ ተመራማሪ በኡጋንዳው የጆርጅ ሐይቅ ላይ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው ጽሑፍ ነበር። የቆሮሶ ምግብ የሆነው አልጌ የሕዋሱ ግድግዳ ጠንካራ ስለሆነ ብዙ እንስሳት ሊፈጩት አይችሉም፤ ቆሮሶ ግን ጨጓራው ውስጥ ፒኤች እስከ 1.4 የሚወርድ፣ ከሎሚ ጭማቂ የሚበረታ አሲድ ስላለው ያንን ግድግዳ ይሰብረዋል። እርስዎ ይህንኑ ጉዳይ በራሳችን ሐይቅ፣ በራሳችን ዓሳ ላይ መረመሩት። እኔን የጠቀመኝም ይኸው ነው።

ዓሳ ማርባት ስጀምር መኖ በብዛት መስጠት ደግነት መስሎኝ ነበር። የእንጀራ ትራፊውንም፣ ፉርሽካውንም ሳልሰፍር እጨምር ነበር። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ብሄድ ዓሳዎቹ ሁሉ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይስባሉ። የተረፈው መኖ በስብሶ ኦክስጅኑን ጨርሶታል። ፀሐይ ሳትሞቅ ግማሾቹ ሆዳቸው ወደ ላይ ተገልብጦ ተንሳፈፉ። ያንን ጠዋት ዛሬም አልረሳውም።

ጥናቶችዎን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቆሮሶ ዋና ምግቡን ውሃው ውስጥ የሚያገኝ ከሆነ የእኔ ሥራ ውሃውን መመገብ ነው ማለት ነው። አሁን ደርቆ የተብላላ የከብት ፍግ በመጠኑ እጨምራለሁ፤ ክንዴን እስከ ክርኔ እነክራለሁ፤ መዳፌ ከጠፋብኝ ውሃው በቂ አልጌ ይዟል፣ ፍጉንም አቆማለሁ። የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ማሟያ ብቻ ሆነዋል፤ ወጪዬም ቀንሷል።

ሌሎች ተመራማሪዎችም በእርስዎ መንገድ ሄደዋል። የሐዋሳው ዶክተር ኤልያስ ዳደቦ በሐዋሳ ሐይቅ የአምባዛን አመጋገብና አረባብ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትመዋል። ዕውቀቱም ያስፈልገናል፤ ሐይቃችን 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የከተማው ሰው ግን በየዓመቱ ይበዛል፤ በጾም ወቅት ደግሞ የዓሳ ፈላጊው ብዛት አይጣል ነው። መረብ በመጨመር ብቻ የትም አንደርስም፤ ኩሬ ያስፈልጋል፤ ኩሬ ደግሞ ዓሳው ምን እንደሚበላ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ለዚህ ዕውቀት ነው የማመሰግንዎት፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ጽሑፎችዎ የታተሙት በውጭ መጽሔቶች፣ በእንግሊዝኛ ነው። ጎረቤቴ ኩሬ አለው፤ እንግሊዝኛ ግን አያነብም። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዓሳ የምታጠኑ ልጆች ይህን ደብዳቤ ካያችሁት አደራ፤ የዶክተር ጌታቸውን ሥራ በአማርኛና በሲዳምኛ፣ ገበሬ በሚገባው ቋንቋ፣ በትንሽ መጽሐፍ አውጡልን።