የሙዚየም ስብስቦች ምዝገባና የተግባር ልምምድ ተማሪዎች ድርሻ

የአንድ አገር ሕዝብ ታሪክ ከሚነበብባቸው ምንጮች መካከል ሙዚየሞች በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። ይሁን እንጂ ጎብኝዎች በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚመለከቷቸው ቅርሶች አብዛኛውን ጊዜ ከሙዚየሙ ስብስብ ጥቂቱ ብቻ ናቸው። የሚበዛው በዕቃ ክፍል መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። የዚህ ስብስብ ደኅንነት በቁልፍና በጥበቃ ሠራተኛ ብቻ የሚረጋገጥ አይደለም፤ እያንዳንዱ ዕቃ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚያስረዳ መዝገብም ያስፈልገዋል። ለተግባር ልምምድ ወደ ሙዚየም የሚላኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጉዳይ ሊታይ የሚገባው ከዚህ አኳያ ነው።

የምዝገባ ጉድለት የሚያስከትለውን ጉዳት ለመገንዘብ ለንደን የሚገኘውን የብሪቲሽ ሙዚየም መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከሙዚየሙ ስብስብ ወደ 2,000 የሚጠጉ ዕቃዎች መጥፋታቸው፣ መሰረቃቸው ወይም መጎዳታቸው ይፋ ሆኗል። ሙዚየሙ አንድ ሠራተኛውን ያሰናበተ ሲሆን፣ ዳይሬክተሩም ኃላፊነታቸውን ለቀዋል። ከዕቃዎቹ ብዙዎቹ በአግባቡ ያልተመዘገቡ በመሆናቸው ፍለጋውን አዳጋች አድርገውታል። ሙዚየሙ በዚያው ዓመት በአምስት ዓመት ውስጥ 2.4 ሚሊዮን መዝገቦችን ለማሟላት ማቀዱን አስታውቋል። የገንዘብም ሆነ የባለሙያ አቅሙ ከፍተኛ የሆነ ተቋም ለዚህ ከተዳረገ፣ አነስተኛ አቅም ያላቸው ሙዚየሞች ሥጋት ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 በእሳት ሲወድም ደግሞ ወደ 20 ሚሊዮን ከሚገመተው ስብስቡ አብዛኛው ጠፍቷል። በወቅቱ ጎብኝዎች ያነሷቸውን ፎቶግራፎች እንዲልኩ ለሕዝብ ጥሪ ያቀረቡት በሪዮ ዴ ጃኔሮ የሙዚየም ሳይንስ የሚማሩ ተማሪዎች ነበሩ። ተግባራቸው የሚያስመሰግን ቢሆንም ከእሳቱ በኋላ የተሰበሰበ ፎቶግራፍ አስቀድሞ የተሟላን መዝገብ ሊተካ አይችልም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ከሌሎች የበለጠ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት የብራና መጻሕፍት፣ ታቦታትና የወርቅ ዕቃዎች ዛሬም በእንግሊዝ ተቋማት ይገኛሉ። በቅርብ ዘመን የጠፉ ቅርሶችም ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ አንዱ ትግራይ ውስጥ ከሚገኘው የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጠፍቶ ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በኔዘርላንድስ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ለኢትዮጵያ የተመለሰው የ18ኛው ክፍለ ዘመን አክሊል ነው። አክሊሉ በ1993 እ.ኤ.አ. በአንድ ካህን ራስ ላይ ሆኖ የተነሣ ፎቶግራፍ ነበረው። ፎቶግራፍም ሆነ መዝገብ የሌለው ቅርስ ቢሰረቅ ግን "የእኛ ነው" ብሎ ለመከራከር ማስረጃ ማቅረብ እጅግ ያስቸግራል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ምዝገባ የደነገገውም ይህንኑ በመገንዘብ ነው። ሕጉን በሥራ ለመተርጎም ግን የሰው ኃይል ያስፈልጋል። አዲስ አበባና አክሱም ዩኒቨርሲቲዎችን የመሳሰሉ ተቋማት በአርኪዮሎጂና በቅርስ አያያዝ ተማሪዎችን የሚያስተምሩ በመሆኑ ይህን ኃይል ከቅርብ ማግኘት ይቻላል።

በሙዚየም ስብስብ ላይ የሚሠራ ተማሪ ተግባሩ ዝርዝር ጥንቃቄን የሚጠይቅ ነው። ዕቃውን ይለካል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ስንጥቁን፣ ዝገቱንና በብል የተበላውን ክፍል ይመዘግባል፤ መለያ ቁጥሩም ቅርሱን ሳይጎዳ እንዲጻፍ ያደርጋል። የእጅ ላብ ብረትን ስለሚያዝግ የብረት ዕቃ በጓንት ይያዛል። ብራና ግን ታጥቦ በደረቀ ንጹሕ እጅ ቢገለጥ ይመረጣል፤ ጓንት የጣትን ስሜት ስለሚቀንስ ቅጠሉን ለመቀደድ ሊዳርግ ይችላልና። ግእዝ የሚያነብ ተማሪ ሲሆን ደግሞ ጥቅሙ የላቀ ነው። በብዙ የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ የሰጪው ስም፣ የደብሩ ስም፣ አንዳንዴም የርስት ውል ተጽፎ ይገኛል። ይህች አጭር ጽሑፍ የመጽሐፉን ባለቤት ለማረጋገጥ ከየትኛውም ማስረጃ ልትበልጥ ትችላለች።

ልምድ የሌለው ወጣት ውድ ቅርስ እንዲነካ መፍቀድ አደጋ አለው የሚል ሥጋት ሊነሣ ይችላል። ሥጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ የተሰበረ ሸክላ እንደ ቀድሞው አይሆንም። ይሁን እንጂ መፍትሔው በሩን መዝጋት አይደለም። የለንደኑ ገጠመኝ እንደሚያሳየው መዝገብ በሌለበት ስፍራ የውስጥ ሠራተኛም ከጥርጣሬ አያመልጥም። ተማሪው በባለሙያ ቁጥጥር ሥር እንዲሠራ፣ በቀላል ዕቃዎች እንዲጀምርና ወደ ዕቃ ክፍል የገባበትና የወጣበት ሰዓት በፊርማ እንዲመዘገብ ማድረግ ሥጋቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ልምምዱ ተማሪውን በእንግዳ መቀበያ አስቀምጦ ጊዜውን ከማስጨረስ ያላለፈ ከሆነ ግን ሙዚየሙም ተማሪውም ይጎዳሉ። ተማሪው የምስክር ወረቀት ይዞ ይወጣል እንጂ ሙያውን አይጨብጥም፤ በመደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃም ስም አልባ ሆኖ ይቀራል። በመሆኑም ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪን ሲልኩ በተወሰነው ጊዜ የሚጠናቀቅ ግልጽ ሥራ ከሙዚየሙ ጋር ሊስማሙ፣ ሙዚየሞችም ተማሪው ያዘጋጀውን መዝገብ በባለሙያ አስመርምረው በቋሚነት ሊጠቀሙበት ይገባል። ከዚህ ጎን ለጎን የመዝገቡ ቅጂ ከሙዚየሙ ውጭ በሌላ ስፍራ እንዲቀመጥ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከዕቃው ጋር የሚቃጠል መዝገብ ፋይዳ የለውምና።

"በእጅ የያዙት ወርቅ" እንደ መዳብ እንዳይቆጠር በመጀመሪያ በእጅ ያለውን ማወቅ ይገባል። የተመለሱ ቅርሶችን በደስታ የሚቀበል አገር ገና ያልጠፉትን በስማቸው ሊያውቃቸው ግድ ይላል። ለዚህም ሥራ ከተማሩበት ሙያ ጋር የሚገናኙ ወጣቶችን በአግባቡ ማሰማራት ጊዜ ሊሰጠው የማይገባ ተግባር ነው።