ውሻን አስሮ መሸሽ ነውር ነው!

የደቻቱ ዳር ነዋሪዎች ሆይ!

«ጎርፍ ሲመጣ ሰው ይቅደም፤ ውሻ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ!» የሚሉ አሉ። ሰው መቅደሙን ማን ካደ? ነገር ግን ልብ በሉ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለው ማዕበል ኒው ኦርሊየንስን ሲመታ፣ መጠለያዎች እንስሳ አናስገባም ስላሉ ብዙ ሰዎች ከእንስሶቻቸው ላለመለየት ቤታቸው ቀርተው ሕይወታቸውን ለአደጋ ዳረጉ። በማግስቱ ዓመት አሜሪካ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ለቤት እንስሳትም እንዲያስብ ሕግ አወጣች።

እኛስ? የሐምሌ 1998 ዓ.ም. የድሬዳዋ ጎርፍ የመጣው በሌሊት ነው። ያኔ ሰንሰለት መፍቻ ጊዜ ከየት ይገኛል? ስለዚህ ደጋው ላይ ደመና ሲጠቁር ውሻው ይፈታ፤ ፍየሉም ድመቷም አስቀድመው ከፍ ወዳለ ቦታ ይወሰዱ። ማኅበሩም መጠለያ ሲያሰናዳ ለእንስሳት አንድ ጥግ ይለይ!