በእንጦጦ ዐቀበት ተሳቢ ለሚጎትት፤ ናፍጣ ወይስ ቤንዚን?

ከጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ በእንጦጦ ትከሻ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ሱሉልታ፣ ከዚያም ወደ ጎጃም የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ የጭነት መኪና ሊገዛ ገንዘቡን በቆጠረ ጊዜ ከቀለሙና ከጎማው አስቀድሞ የሞተሩን ባሕርይ መመርመር እንደሚገባው አይስተውም፤ ተሳቢ አስከትሎ ዳገት የሚወጣ መኪና የሚገጥመው ፈተና በሜዳ ላይ ከሚንሸራሸር የቤት አውቶሞቢል ፈተና ፈጽሞ የተለየ ነውና። በእኔ እምነት ተሳቢ ለሚጎትት ሰው የሚበጀው የናፍጣ ሞተር ነው፤ ነገር ግን ይህ ብልጫ ጸንቶ የሚገኘው ገዢው ስለ ዐቀበቱ የተጨነቀውን ያህል ስለ ቁልቁለቱና በመንገዱ ዳር ስለሚኖረው ሰው ጤና የተጨነቀ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ያመጣላቸውን አውቶሞቢል በተመለከቱ ጊዜ፣ መዲናቸው የተዋወቀችው ከቤንዚን ሞተር ጋር ነበር። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው መሐንዲስ ግን በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ፣ በ1897 እ.ኤ.አ.፣ በመጭመቅ ሙቀት ብቻ ነዳጅን የሚያቀጣጥል ሞተር ሠርቶ ለፍሬ አብቅቶ ነበርና፣ ይኸው ጥበብ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ የከባድ ጭነትን ሥራ ሁሉ ጠቅልሎ ወሰደ። ወደ አገራችንም በወራሪው የጣሊያን ጦር ዘመን በፊያት 634፣ ሽማግሌዎቻችን ትሬንታ ኳትሮ በሚሉት መኪና፣ ኋላም ሹፌሮች ኤንትሬ እያሉ በሚያቆላምጡት በፊያት 682 ኤን 3 አማካይነት ገብቶ፣ የአሰብን፣ የጎጃምንና የጅማን መንገድ ለብዙ ዘመን አገለገለ። እነዚያ መኪኖች ዘመናቸው ካለፈ በኋላም ሳይቀር ተሳቢ እየጎተቱ በዳገት ላይ መታየታቸው ለናፍጣ ሞተር ጽናት ታላቅ ምስክር ነው።

የዚህ ጽናት ምስጢር በሁለቱ ሞተሮች አሠራር ውስጥ ይገኛል። በቤንዚን ሞተር ውስጥ አየርና ነዳጅ በአንድነት ተጨምቀው በካንዴላ ብልጭታ ይቀጣጠላሉ፤ ቅልቅሉ ያለ ጊዜው እንዳይነድድ ሲባልም መጭመቁ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 እጥፍ ብቻ ይሆናል። በናፍጣ ሞተር ግን አየሩ ለብቻው ከ15 እስከ 20 እጥፍ ተጨምቆ እጅግ ስለሚግል፣ ከፖምፓው ተገፍቶ የሚረጨው ነዳጅ ያለ ምንም ብልጭታ በራሱ ይነድዳል። መጭመቁ በበረታ መጠን ከነዳጁ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ድርሻ ከፍ ይላል፤ አንድ ሊትር ናፍጣም ከአንድ ሊትር ቤንዚን በመቶ ከ10 የማያንስ ብልጫ ያለው ኃይል በውስጡ ስለ ያዘ፣ ሁለቱ ምክንያቶች ተደምረው ለባለ ተሳቢው በረጅም መንገድ ብዙ ነዳጅ ያተርፉለታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ፣ ቤንዚኑ ጉልበቱን የሚያሳየው በፍጥነት ሲሽከረከር ሲሆን ናፍጣው ረጋ ብሎ እየዞረ የመጎተት ኃይሉን ሁሉ ስለሚሰጥ፣ ጭነት ከብዶት በዝግታ ለሚወጣ መኪና የተፈጠረ ያህል ነው።

የጉለሌ ሰው ከሌላው ይልቅ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም የአየሩ መሳሳት ነው። ክፍለ ከተማው 2500 ሜትር ያህልና ከዚያም በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠ፣ የእንጦጦም ራስ ወደ 3200 ሜትር ስለሚጠጋ፣ በዚህ ስፍራ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። አየርን በራሱ ስቦ ብቻ የሚተነፍስ ሞተር፣ ቤንዚንም ይሁን ናፍጣ፣ በየ100 ሜትሩ ከኃይሉ በመቶ አንድ ያህል እያጣ ይወጣልና፣ በጅቡቲ ወደብ 200 የፈረስ ጉልበት የነበረው መኪና ወደ እኛ ሲደርስ 150 ያህል ይቀርለታል። ይህን ጉድለት የሚሞላው፣ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየዞረ አየርን ወደ ሞተሩ አጭቆ የሚያስገባው ተርቦ ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለውን ናፍጣ በርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚገዛ ሰው፣ የናፍጣን ስም ገዝቶ የናፍጣን ጸጋ ሳያገኝ ይቀራል።

ለእውነት መቆም የሚወድድ ጸሐፊ የቤንዚንንም ምስጋና መሸሸግ አይገባውም። የቤንዚን መኪና በመግዣው ይቀልላል፤ በእንጦጦ ሥር በሚወርደው የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ማለዳ ያለ ብዙ ልመና ይነሣል፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ከጥገናውም ብዙው ነገር በካንዴላና በመሰል ቀላል ዕቃዎች ያልቃል፤ የናፍጣው ፖምፓና ኢንጀክተር ግን አንድ ጊዜ ቆሻሻ ወይም ውኃ የገባበት ነዳጅ የጠጣ እንደ ሆነ የባለቤቱን ኪስ ያራቁታል። እንግዲህ በፒካፑ ኋላ ትንሽ ተሳቢ አስሮ፣ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የቤት ዕቃ ወይም ጥቂት ኩንታል እህል በከተማው ውስጥ ለሚያመላልስ ሰው፣ ቤንዚን መምረጥ ከአእምሮ የራቀ ሥራ ነው ልል አልችልም።

ነገር ግን ገዢዎቻችን ሁሉ ስለ ዐቀበቱ ሲጠይቁ፣ ስለ ቁልቁለቱ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም፤ ሕይወት የሚጠፋው ደግሞ በአብዛኛው በቁልቁለት ነው። በዐቀበቱ ጉልበት ያነሰው መኪና ቢበዛ ይቆማል፤ ረዳቱ ታኮውን ብብቱ ሥር ይዞ ከጋቢናው ይዘልላል፣ ከኋላ ጎማ ሥር ይሸጉጠዋል፣ ሹፌሩም ከባድ ማርሽ አስገብቶ እንደገና ይሞክራል። በቁልቁለት ፍሬኑ እምቢ ያለው መኪና ግን ሁለተኛ ሙከራ የለውም። ከነጭነቱና ከነተሳቢው 50 ቶን የሚመዝን መኪና 300 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ፣ በፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀት አራት ሊትር ናፍጣ ሲነድድ ከሚወጣው ሙቀት ጋር ይተካከላል። ይህን ሁሉ በእግር ፍሬን ብቻ እመልሳለሁ የሚል ሹፌር ከሱሉልታ በኩል ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርድ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ይጨሳል፣ በመጨረሻም መያዝ ይሳነዋል፤ የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወይም ከደጀን ሲወርድማ፣ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነውና፣ አደጋው ሦስትና አራት እጥፍ ይሆናል።

በዚህ ላይ ናፍጣ በተፈጥሮው አንድ ድካም አለበት። የቤንዚን ሞተር የነዳጅ መርገጫው ሲለቀቅ የአየሩ መግቢያ ስለሚዘጋ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ የናፍጣው የአየር መግቢያ ግን ክፍት ስለሆነ፣ ያለ ተጨማሪ መሣሪያ የመያዝ ኃይሉ አነስተኛ ነው። ሹፌሮች ፍሬን ሞተር የሚሉት፣ የጭሱን መውጫ ዘግቶ ሞተሩን ወደ መያዣነት የሚለውጠው መሣሪያ የተፈለሰፈው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። ስለዚህ ፍሬን ሞተሩ ተበላሽቶ ወይም ተነቅሎ የሚሠራ፣ ወይም የተሳቢው የአየር ፍሬን በሚገባ ያልተያያዘ ባለ ናፍጣ መኪና፣ ዐቀበቱን በክብር ወጥቶ በቁልቁለቱ የሰው ነፍስ ይዞ የሚጠፋ መኪና ነው።

የጎረቤቱም ነገር ከዚህ አያንስም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ክፍል በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ወገን መሆኑን በይኗል። የጠቆረ ጭስ ማለት ሳይነድድ የቀረ ነዳጅ ማለት ነውና፣ በሳሳው አየራችን ውስጥ ጉልበት እጨምራለሁ ብሎ ፖምፓውን የሚያስከፍት ባለ መኪና፣ ገንዘቡን በጭስ ማውጫው በኩል እየበተነ፣ በየመንገዱ ዳር ጉሊት ዘርግተው የተቀመጡትን እናቶች፣ በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤት የሚወጡትን ሕፃናትና በዚሁ ክፍለ ከተማ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሚጓዙትን ሕሙማን ይበድላል። ተርቦው ደኅና፣ የአየር ማጣሪያው ንጹሕ፣ ኢንጀክተሩም የተስተካከለ መኪና በዐቀበት ላይ ይህን ያህል አይጠቁርም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንም ሆነ በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው፣ ወደ ጅቡቲ የሚወስደውም ባቡር በኤሌክትሪክ መሄዱ፣ በ2018 ዓ.ም. መባቻም በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ መመረቁ፣ የውጭ ምንዛሪ እየከፈልን በምናስገባው ነዳጅ ላይ ብቻ የምንታመንበት ዘመን ለዘላለም እንደማይቆይ ያመለክታል። ሆኖም የጎጃም ጤፍ ዛሬም ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በናፍጣ ነውና፣ ነገ የሚመጣውን እየጠበቁ የዛሬውን ምርጫ በግዴለሽነት ማድረግ አይገባም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ተሳቢህ ቀላል፣ ጉዞህም ከከተማ የማይወጣ ከሆነ ቤንዚን ይበቃሃል፤ ከእንጦጦ ማዶ ጭነት ልታመላልስ ካሰብህ ግን ናፍጣ ግዛ። ስትገዛም ሊብሬውን ከመቀበልህ በፊት ታማኝ መካኒክ ይዘህ ሂድ፣ መኪናውን ከነጭነቱ ዳገት አስወጥተህ ጭሱን እይ፣ ቁልቁል አስወርደህም ፍሬን ሞተሩንና የተሳቢውን ፍሬን ፈትሽ፤ ከሁለቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ትተኸው ተመለስ።