ጭረቷን ማን ጣላት?

በጀርመንኛ የተጻፈ የእንፋሎት ባቡር መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ የምትቀር አንዲት ነገር አለች። ቃል አይደለችም፤ ቁጥርም አይደለችም። ከቁጥሩ ወይም ከፊደሉ ራስጌ የምትንጠለጠል ትንሽ ጭረት ናት። ተርጓሚው ያያታል፣ ምን እንደሆነች አያውቅም፤ ወይም ያውቅና "ማን ልብ ይላታል" ብሎ ይጥላታል። ከዚያ መጽሐፉ ተተረጎመ ይባላል።

አልተተረጎመም።

ለአንዲት ጭረት ይሄ ሁሉ ጩኸት ምንድነው የሚል ካለ ነገሩን ከሥሩ መያዝ ነው።

ጀርመኖች አንድን ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን የባቡሩን ሞተር፣ ከሌላው የሚለዩት በአክስሎቹ አሰላለፍ ነው። ክብደት ብቻ የሚሸከሙትን አክስሎች በቁጥር ይጽፋሉ። በፒስተን ኃይል የሚነዱትንና እርስ በርስ በዘንግ የተያያዙትን ደግሞ በፊደል፦ ኤ አንድ፣ ቢ ሁለት፣ ሲ ሦስት፣ ዲ አራት፣ ኢ አምስት። ጭረቷ የምትመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጭረት ያለበት አክስል ዋናው ሻንሲ ላይ አልታሰረም፤ ኩርባ ላይ ለብቻው ይዞራል። ስለዚህ "2'ሲ1'" ሲባል ከፊት በሚዞር ቦጊ ላይ ሁለት ተሸካሚ አክስሎች፣ መሐል ሻንሲው ላይ የታሰሩ ሦስት የሚነዱ አክስሎች፣ ከኋላ አንድ የሚዞር ተሸካሚ አክስል ማለት ነው። በአንድ ትንፋሽ የማሽኑ አቋም ተነገረ።

እንግሊዝኛው የሚከተለው በአሜሪካዊው የባቡር መሐንዲስ በፍሬድሪክ ዋይት ስም የሚጠራውን ዘዴ ነው። ዋይት መንኮራኩር እንጂ አክስል አይቆጥርም። ያው ማሽን 4-6-2 ይሆናል። በሁለት ማባዛት ነው፤ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ሥራው ሒሳብ ስለሚመስልም የጎደለ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ የሚጠረጥር የለም።

እርግጥ ነው፣ እንደ 01 ባለ ትልቅ ፈጣን ሎኮሞቲቭ ላይ ጉዳቱ አይታይም። የፊቱ ቦጊ እንደሚዞር የባቡር ወዳጅ ሁሉ ያውቃል። ጉዱ የሚወጣው ወደ ጠባቡ ሐዲድ ሲወረድ ነው።

ሳክሰኒ ውስጥ "አራት ካ" የሚባል ትንሽ ሎኮሞቲቭ አለ። ኬምኒትዝ ከተማ በነበረው የሃርትማን ፋብሪካ ከ1892 እስከ 1921 እ.ኤ.አ. ድረስ 96 ተሠርተዋል፤ የሚሄዱት 750 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ነው። ኮዱ "ቢ'ቢ'" ነው። ሁለት አክስል ያላቸው ሁለት የሚነዱ ቡድኖች አሉት፤ ሁለቱም ይዞራሉ። ሜየር የሚባለው ዓይነት ነው። በሌላ በኩል የሃርዝ ተራራ ባቡር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቀሩ ማሌ ሎኮሞቲቮች አሉት። የእነሱ ኮድ "ቢ'ቢ" ነው። አንዲት ጭረት ጎደለች። አናቶል ማሌ በ1884 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ባስመዘገበበት ዘዴ የኋላው ቡድን ሻንሲው ላይ የታሰረ ነው፤ የሚዞረው የፊቱ ብቻ ነው።

ልዩነቱ የወረቀት ልዩነት አይደለም። በሁለቱም ማሽኖች እንፋሎቱ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ መጀመሪያ ሙሉ ግፊቱን ይዞ በአንዱ ጥንድ ሲሊንደር፣ ቀጥሎ ደከም ብሎ በሌላው። ማሌ ላይ ሙሉ ግፊት ያለው እንፋሎት የሚሄደው ወደማይንቀሳቀሰው የኋላ ቡድን ስለሆነ ቧንቧው ድርቅ ያለ ብረት ቢሆን ችግር የለውም። በሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ የሚያልፈው የደከመው እንፋሎት ብቻ ነው። ሜየር ላይ ግን ሁለቱም ቡድኖች ስለሚንቀሳቀሱ ትኩሱም እንፋሎት በሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ ማለፍ አለበት። የማኪያቶ ማሽን ጠግኖ የሚያውቅ ሰው፣ ግፊት ያለበት መገጣጠሚያ ማፍሰስ ሲጀምር ምን እንደሚመጣ አይነገረውም።

ታዲያ በእንግሊዝኛ ሁለቱም ምን ይባላሉ? 0-4-4-0። አንድ ቁጥር። ከአስመራ ምጽዋ ቁልቁለቱን ይወርዱ የነበሩት ጣሊያን ሠራሽ ማሌዎችም በዚሁ ቁጥር ነው የሚጠሩት። ሳክሰኒውን ከሃርዙ መለየት የፈለገ አንባቢ ከቁጥሩ ምንም አያገኝም፤ ጀርመንኛው ግን ነግሮት ነበር።

"እንግሊዝኛ አንባቢ የጀርመኑን ኮድ አያውቅም" የሚለው መልስ የታወቀ ነው። ለቱሪስት በሚታደል ብጣሽ ወረቀት ላይ ይሁን፣ ያስኬዳል። ስለ ጀርመን ሎኮሞቲቭ ወፍራም መጽሐፍ ገዝቶ የሚያነብ ሰው ግን አምስት ፊደልና አንዲት ጭረት ለመማር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማን ነው የሚገዛው? አሮጌ ማሽን የሚጠግን በጎ ፈቃደኛ፣ የሙዚየም ሠራተኛ፣ ሞዴል የሚሠራ ሰው። እነዚህ ሰዎች ዝርዝሩን ፈልገው ነው የመጡት። "ማሌ ወይም ሜየር የሚለውን ስም ቢጨምርበትስ?" የሚሉም አሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ስሙን በትክክል ለመጨመር ተርጓሚው መጀመሪያ ጭረቷን ማንበብ ነበረበት።

ኮዱን በማባዛት የለመደ ተርጓሚ ቃሉንም እንደዚያው ይገለብጠዋል። "ድራይኩፕለር" ለጀርመኑ ሦስት የተያያዙ አክስሎች ያሉት ሎኮሞቲቭ ነው፤ እንግሊዝኛው በመንኮራኩር ስለሚቆጥር ስድስት ይለዋል። "ሦስት" ብሎ የተወው ሰው ማሽኑን በግማሽ ቀነሰው። "ሃይስዳምፍ" ደግሞ ሲፈታ ሙቅ እንፋሎት ነው። ቀዝቃዛ እንፋሎት የት ይገኛል? ጀርመኖቹ ማለት የፈለጉት ከቦይለሩ ከወጣ በኋላ እንደገና የጋለውን ነው፤ እንግሊዝኛው ለዚህ ሱፐርሂትድ የሚል የራሱ ቃል አለው።

ከሁሉ የከፋው "ተንደርሎኮሞቲቨ" ነው። ለጀርመኑ ይህ ውሃውንና ከሰሉን ራሱ ላይ የተሸከመ፣ ተንደር የሚባለው ተጎታች የሌለው ሎኮሞቲቭ ነው። እንግሊዞች ታንክ ኢንጂን የሚሉት። ቃሉን እንዳለ ወስዶ "ተንደር ሎኮሞቲቭ" ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ስህተቱ ትንሽ አይደለም፤ ፍጹም ተቃራኒውን ነው የተናገረው። አንባቢው ፎቶው ላይ ተንደሩን ቢፈልግ፣ ቢፈልግ አያገኘውም።

በቁጥሩ ፋንታ የአሜሪካን ቅጽል ስም የሚለጥፉም አሉ። ግንቦት 11 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. በሰዓት 200.4 ኪሎሜትር የሮጠው 05 002 በኮዱ "2'ሲ2'" ነው። አሜሪካኖች ይህን አሰላለፍ ሃድሰን ይሉታል፤ በኒውዮርኩ ወንዝ ስም። አውሮፓ ውስጥ ባልቲክ ይባላል። የጀርመን ሎኮሞቲቭ ከሃድሰን ወንዝ ጋር ምን አገናኘው?

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። የጀርመኑን ኮድ ከነጭረቱ ማስቀመጥ፣ የዋይትን ቁጥር ከጎኑ መጻፍ፣ መጽሐፉ መግቢያ ላይ አንድ ገጽ ማብራሪያ መጨመር። አለቀ።

ጀርመኖቹም ቢሆኑ ከጥፋት ነጻ አይደሉም። ጭረቷን ትተው "2ሲ1" ብለው የሚጽፉበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የገጠመው ተርጓሚ ከኪሱ አውጥቶ ጭረት አይጨምርም፤ ጭረት የለም ብሎም ዝም ብሎ አያባዛም። ጀርመንኛውን ለጊዜው አስቀምጦ የማሽኑን ንድፍ ይፈልጋል። አክስሉ የሚዞርበት ምሰሶ ንድፉ ላይ ወይ አለ፣ ወይ የለም።